ሱፐር ኮምፒዩተሩ ሲመረቅ አዘና ምን ትሰማለች?

በግንቦት አጋማሽ በአዊ ዞን፣ አዘና ላይ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ ወሬው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ደመናው ጠቁሯል፤ አንድ ሁለት ቀንም ዘንቧል። የሁሉም ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ ዝናቡ ገብቷል ወይስ ዘንቦ ሊጠፋ ነው? በቆሎውን ዛሬ የዘራ ሰው ከሳምንት በኋላ ሰማዩ ቢጠራና አፈሩ ቢደርቅ ዘሩ መሬት ውስጥ ይቀርበታል። ምርጥ ዘር በስንት ድካም እንደሚገኝ የሚያውቅ ጉዳቱን ያውቀዋል። ልጠብቅ ያለው ደግሞ ወቅቱ ያልፈዋል። የአንከሻ፣ የባንጃ፣ የጓንጓ ገበሬ ይህን ውሳኔ በየዓመቱ ብቻውን ይወስናል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሱፐር ኮምፒዩተር ነው፤ ይበልጡን ስለ ሱፐር ኮምፒዩተር አነጋገር። አንድ አገር ወይም አንድ የምርምር ተቋም እንዲህ ያለ ማሽን ከማስመረቁ ብዙ ወራት ቀድሞ የኮሙኒኬሽን ዕቅድ የሚባል ሰነድ ይዘጋጃል። ለማን፣ ምን፣ መቼ፣ በማን አፍ፣ በየትኛው ቋንቋ ይነገራል የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ ይወሰናል። እኔ የማምነው ይህ ሰነድ ከአዘናው ገበሬ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ መድረኩ መጻፍ እንዳለበት ነው። የተለመደው ግን ከመድረኩ መጀመር ነው፤ ገበሬው ጋ የሚደረሰው ቀለሙ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። አንድ ሰው አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ጤፍ ብቻውን ሲያጭድ ቀናት ይፈጅበታል። ሃያ ሰው በደቦ ሲወጣለት ጠዋት የተጀመረው ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሱፐር ኮምፒዩተር የኮምፒዩተሮች ደቦ ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን በተደረደሩ መደርደሪያዎች ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በፈጣን ገመድ ተሳስረው አንድን ሥራ ተከፋፍለው ይሠሩታል። ደቦ የሚያምረው ሥራው ለሁሉም ሲዳረስ ነው። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መጀመር በማይችልበት ሥራ ላይ ብዙ ሰው ቢመጣ ቆሞ መተያየት ነው የሚተርፈው። ስለዚህ የማሽኑ ጉልበት በኮምፒዩተሮቹ ብዛት ብቻ አይለካም፤ እርስ በርሳቸው በምን ፍጥነት ይነጋገራሉ የሚለውም እኩል ይመዝናል።

የአየር ትንበያ ለዚህ ደቦ የተመቸ ሥራ ነው። ሳይንቲስቶች አየሩን በሐሳብ ወደ ሣጥኖች ይከፋፍሉታል። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ነፋሱና የአየሩ ግፊት በቁጥር ይቀመጣል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ ሣጥን ከጎረቤቱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚሰጥ ያሰላል፤ ጥቂት ደቂቃ ወደፊት ይራመዳል፤ እንደገና ያሰላል። እንዲህ እያለ ነገን፣ ከነገ ወዲያን፣ የሚመጣውን ሳምንት ይደርስበታል።

የሣጥኑ ስፋት ለአዊ ሕዝብ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንጅባራ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ትበርዳለች፤ ቻግኒ በ1,600 ሜትር አካባቢ ትሞቃለች። ሣጥኑ ጎኑ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደጋውና ቆላው ተደባልቆ አንድ ቁጥር ይወጣለታል፤ ያ ቁጥር ለእንጅባራም ለቻግኒም አይሆንም። የሣጥኑን ጎን በግማሽ ማሳነስ ሲፈለግ የሣጥኖቹ ቁጥር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እጥፍ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብም እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ማጠር አለበት። በዚህ ስሌት ሥራው 8 ጊዜ ይበዛል። ትልቅ ማሽን የሚገዛው ለዚህ ነው፤ ኮረብታውንና ሸለቆውን ለይቶ ለማየት። ይህን ለማስረዳት ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ለምረቃ ከተጻፉ መግለጫዎች በብዙዎቹ ግን አታገኙትም። በምትኩ የምታገኙት "ፔታፍሎፕ" የሚባል ቃል ነው።

ቃሉን መፍታት ግን ይቻላል። ደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን በእ.ኤ.አ. 2016 ያስመረቀችው ሌንጋው የተባለው ማሽን 1 ፔታፍሎፕ ደርሶ ነበር። ይህም በሰከንድ አንድ ሺህ ትሪሊዮን ስሌት ማለት ነው። 120 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ሳይተኙ፣ ሳይበሉ፣ እያንዳንዳቸው በየሰከንዱ አንድ አንድ ስሌት ቢሠሩ ማሽኑ በአንድ ሰከንድ የሠራውን ለመጨረስ ከሦስት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። አሜሪካ ውስጥ በእ.ኤ.አ. 2022 አንደኛ የወጣው ፍሮንቲየር ደግሞ ከዚያ አንድ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ቁጥርን እንዲህ ወደ ሰው ጉልበትና ወደ ሰው ቀን መመለስ የዕቅዱ አንድ ሥራ ነው። ከዚያ አልፎ በቁጥሩ መመካት ግን አደጋ አለው፤ ጃፓኖች ይህን በአደባባይ ተምረውታል።

በእ.ኤ.አ. 2009 የጃፓን መንግሥት በጀቱን ሕዝብ እያየው ሲገመግም "ኬይ" የተባለው ሱፐር ኮምፒዩተር ተራ ደረሰ። ሳይንቲስቶቹ የማሽኑን ጥቅም ያስረዱት በዓለም አንደኛ የመሆንን ጉዳይ አስቀድመው ነበር። ሬንሆ የተባሉት የምክር ቤት አባል ለምን አንደኛ መሆን እንዳለበት፣ ሁለተኛ ቢሆን ምን እንደሚጎድል ጠየቁ። ጥያቄው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ በቂ መልስ ግን ወዲያው አልተገኘም። በጀቱ ለጊዜው እንዲታገድ ተመከረ፤ የኖቤል ተሸላሚዎች ሳይቀሩ ወጥተው ተከራክረው ነው የተመለሰው። ኬይ በእ.ኤ.አ. 2011 በእርግጥም አንደኛ ወጣ። ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ሌላ ቀደመው፤ የደረጃ ነገር እንዲህ ነው።

የኬይን ወንበር የወረሰውን ማሽን ሲያዘጋጁ ግን ጃፓኖቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ስሙን ከሕዝብ በተሰበሰበ ሐሳብ "ፉጋኩ" አሉት፤ የፉጂ ተራራ ሌላ ስም ነው። ተራራው ከፍ ማለቱ የማሽኑን ጉልበት፣ ግርጌው መስፋቱ የተጠቃሚዎቹን ብዛት እንዲያሳይ ነው። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ማሽኑ ገና ተገጥሞ ሳያልቅ፣ በእ.ኤ.አ. 2020 ጸደይ፣ የተገጠመው ክፍል ብቻ ሥራ ጀመረ። ሰው ሲያስል የሚወጣው ጠብታ በባቡር ውስጥ፣ በቢሮ ውስጥ፣ ከጭምብል ጀርባ እንዴት እንደሚበተን በሥዕል አሳየ። ያ ሥዕል በየቤቱ ቴሌቪዥን ታየ። ማሽኑ ሙሉ አገልግሎት የጀመረው በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ፉጋኩ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ጃፓናዊ ማግኘት ሳያስቸግር አልቀረም። እኔ ለዕቅድ አዘጋጅ አንድ ምሳሌ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ፍሬው ቀደመ፤ ሪባኑ በኋላ ተቆረጠ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ለሱፐር ኮምፒዩተር ምረቃ የሚቀርበው የእኛ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ናት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል ወደ ላይ ወጣች። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ነበረች። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሲሆን አብዛኛውን ቻይና ሸፍናለች። በእንጦጦ የኅዋ ምርምር ማዕከል ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ሌሊቱን ተሰብስበው በስክሪን ተከታተሏት። ብዙ ሰው ያንን ማለዳ በደስታ ያስታውሰዋል፤ ደስታውም የሚገባ ነበር።

ስለ እርሷ ለገበሬ ሊነገር የሚገባው ነገርም ነበረ። የሳተላይቷ ካሜራ መሬትን የሚያየው ጎኑ 13.75 ሜትር በሆነ ነጥብ ነበር። አንድ ቃዳ መሬት በእርሷ ዓይን 13 ነጥብ ያህል ይሆናል። እንግዲህ የአንድን ቃዳ ሰብል አረንጓዴነት ከጎረቤቱ ለይታ ማየት ትችላለች፤ አንድ በሬ ግን አታይም። ይህ ቀላል ንግግር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ የምትችለውን ይናገራል፤ የማትችለውንም ይናገራል። ስሟ ግን ኢቲአርኤስኤስ-1 ነበር። ሳይንቲስት ለሳይንቲስት ሲጽፍ ስሙ ይመቸው ይሆናል። አዘና ላይ ያለች እናት ግን ለልጇ ልትነግር ስትል ስሙ አፏ ውስጥ አይገባም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ ከቤት ቤት አይሄድም።

ስም ለዚህ ነው የዕቅዱ ትልቅ ሥራ የሆነው። ሌንጋው በሴትስዋና አቦሸማኔ ማለት ነው። የአውስትራሊያው ጋዲ ካንቤራ ካለችበት ምድር ጥንታዊ ባለቤቶች ከንጉናዋል ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን መፈለግ ማለት ነው። ሞሮኮ የገነባችው ማሽን በአገሩ ከፍተኛ ተራራ በቱብካል ተሰይሟል፤ በፊንላንድ ያለው ሉሚ በፊንላንድኛ በረዶ ነው። የእኛን ለመሰየም ቃል አይቸግረንም። አማርኛ ብቻ መሆንም የለበትም፤ የአዊኛ ቃል በአገር ማሽን ላይ ቢወጣ በእንጅባራ ትምህርት ቤቶች በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚማረው ልጅ ማሽኑን የራሱ አድርጎ ያየዋል።

ሕዝብ የምሕንድስና ቁጥር አይገባውም የሚል ዕቅድ አዘጋጅ ካለ የሕዳሴ ግድብን ያስታውስ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተቀመጠ ወዲህ ስንት ሜጋ ዋት፣ ስንት ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚባል ሊስትሮው ሳይቀር ያውቅ ነበር፤ ቦንድ ስለ ገዛ፣ የራሱ ነገር ስለሆነ። ከዚያው ታሪክ ሌላም ትምህርት አለ። በመጀመሪያ 5,250 ሜጋ ዋት ተባለ፤ ከዚያ 6,000፤ ከዚያ 6,450፤ በመጨረሻ 5,150 ሆነ። ለእያንዳንዱ ለውጥ የምሕንድስና ምክንያት አለው። ነገር ግን ቁጥሩን በልቡ የያዘ ሕዝብ ለምን እንደ ተለወጠ በዚያው ድምቀት ሊነገረው ይገባል። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከመሠረት ድንጋዩ 14 ዓመት በኋላ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በመግለጫ ላይ የተጻፈ ቀንና ቁጥርም እንዲሁ።

ለሱፐር ኮምፒዩተር ቀን መቁረጥ ደግሞ በተለይ ከባድ ነው። ማሽኑ በሣጥን ይመጣል፤ ይገጠማል፤ ውሃና መብራት ይገባለታል። ከዚያ ገዢው ውሉ ላይ የተጻፈውን ፍጥነትና አስተማማኝነት እስኪያረጋግጥ ድረስ ይፈተናል። ከዚያም በኋላ ጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ ገብተው ይሞክሩታል። በሺህ በሚቆጠሩ ክፍሎች የተሠራ ማሽን ውስጥ በየቀኑ የሚበላሽ ዕቃ አይጠፋም። የፍሮንቲየር ኃላፊዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ደብቀው አላለፉትም፤ በዚህ ስፋት ባለ ማሽን ብልሽት በሰዓታት ልዩነት እንደሚያጋጥም በግልጽ ተናገሩ። ስለዚህ ብልህ ዕቅድ በአንድ ቀን ላይ አይንጠለጠልም። "ማሽኑ ደረሰ"፣ "ፈተናውን አለፈ"፣ "የመጀመሪያው ሥራ ተሠራበት" እያለ ዜናውን በደረጃ ይነግራል፤ የምረቃው ቀን የሚቆረጠው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ለክብር እንግዳ መርሐ ግብር ሲባል ያልተፈተነ ማሽን ፊት ሪባን መቁረጥ የሚያስከትለውን ማንም ይገምተዋል።

አስቸጋሪ ጥያቄዎችንም አስቀድሞ በወረቀት ላይ አስፍሮ መልስ ማዘጋጀት የሥራው አካል ነው። ስንት ብር ወጣበት? በዚህ ገንዘብ ጤና ጣቢያ ቢሠራ አይሻልም ነበር? የእኛ ሰፈር መብራት እየጠፋ እርሱ ስንት ይበላል? የመጨረሻውን እንውሰድ። በእ.ኤ.አ. 2022 የዓለም ቁንጮ የነበረው ፍሮንቲየር 21 ሜጋ ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ካለው ከጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሃያ እጅ አንድ እጅ የማይሞላ ማለት ነው። እኛ የምንተክለው ማሽን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ለጠያቂው ይህን በቁጥር መንገር ያስከብራል። ጥያቄውን እንደ ተቃውሞ ማየት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ልጁን በኩራዝ የሚያስጠና ሰው ጥያቄው የእውነት ነው።

አሁን ወደ በቆሎው እንመለስ። ማሽኑ ተመርቆ ትንበያው ሲወጣ አዘና ምን ትሰማለች? እዚህ ላይ የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የደረሰበትን ማወቅ ይጠቅማል። በእ.ኤ.አ. 2009 በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አዲስ ሱፐር ኮምፒዩተር ሥራ አስገባ። በዚያው ጸደይ መጪው በጋ ሥጋ ውጭ እየጠበሱ የሚያሳልፉት ደረቅና ሞቃት እንደሚሆን ዕድሉ ያጋደለ ነው የሚል መግለጫ አወጣ። ሳይንቲስቶቹ የሰጡት ዕድል 65 በመቶ ነበር። ሐምሌ ግን በዝናብ አለፈ። ጋዜጦቹ ትንበያውንና ውዱን ማሽን አንድ ላይ አድርገው ተሳለቁበት፤ መሥሪያ ቤቱም በዓመቱ ለሕዝብ የሚያወጣውን የወቅት ትንበያ አቆመ። ስሌቱ ስሕተት አልነበረም፤ 65 በመቶ ማለት ከሦስት አንዱ ያህል ጊዜ ሌላ ይሆናል ማለት ነው። የተሳሳተው ቃሉ ነው። ጥብሱን ሰው ሰማ፤ 65ቱን ግን ማንም አልሰማም።

በእኛ ቋንቋ ይህ አደጋ የራሱ መልክ አለው። "70 በመቶ የዝናብ ዕድል አለ" የሚለውን የግብርና ባለሙያው ለገበሬው ሲያነብለት "አያ፣ ከቀበሌው ሰባ እጁ ላይ ይዘንባል ማለት ነው?" ብሎ ባለሙያው ራሱ ሊጠራጠር ይችላል። ሌላው ከቀኑ ሰባ እጁን ይዘንባል ብሎ ይረዳዋል። እኔ ብሆን "እንዲህ ያለ ሰማይ በታየባቸው 10 ቀናት፣ በ7ቱ ዘንቧል፣ በ3ቱ አልዘነበም" ብዬ እጽፈዋለሁ። ረዘመ፤ ግን ሰው ሊወስንበት ይችላል። ሦስቱን ቀን የሰማ ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን አይበትንም።

"መደበኛ" የሚለው ቃል ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያ ሲሰጥ "ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች" ይላል። መደበኛ ማለት የዚያው ቦታ የብዙ ዓመታት አማካይ አካባቢ ነው። ስለዚህ የእንጅባራ መደበኛና የአፋር መደበኛ ፈጽሞ አይገናኙም። ገበሬው ግን ቃሉን ሲሰማ "በቂ፣ ደህና" ብሎ ይተረጉመዋል። መደበኛ የተባለ ክረምት ዝናቡ በአንድ ወር ተጠራቅሞ ወርዶ መስከረም ላይ ቢቆም በአማካዩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማሳው ግን ይጎዳል። ዕቅዱ ይህን ቃል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስተማር አለበት፤ በአማርኛም በአዊኛም። ለአዊኛው ደግሞ ከቢሮ የሚወጣ ትርጉም አይበቃም። ባለሙያውና የአገር ሽማግሌው ተቀምጠው፣ "ዕድል" በአዊኛ ሲባል ሰው ምን ይሰማዋል ብለው መነጋገር አለባቸው። ይህ ሥራ ከምረቃው ድንኳን ያነሰ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

መንገዱስ? ወሬ በአዊ የሚሄድባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ራዲዮ አለ፤ ገበያ አለ፤ እድርና ማኅበር አለ። ጥር 23 ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል አለ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ማኅበር ነው፤ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰው ያሰባስባል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው በነፃ ደውሎ የግብርና ምክር የሚያዳምጥበት 8028 የሚባል የስልክ መስመር መኖሩም ይታወቃል። የአዲስ አበባ አዳራሽ ለጋዜጠኛና ለዲፕሎማት ይሆናል፤ ያም ያስፈልጋል። ለአዘና ግን ጥር ላይ በፈረስ ጉግሱ ሜዳ ዳር የተዘረጋ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አዊኛ ተናጋሪ ባለሙያና የኮረብታውን ልዩነት የሚያሳይ አንድ ካርታ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በመድረኩ ላይ ማን ይቁም የሚለውም በዕቅዱ ይወሰናል። ማሽኑ ስሌቱን የሚጀምረው ከተለካ ነገር ነው፤ ያልተለካ ሰማይ አይሰላም። በዚሁ በአዊ ዞን፣ በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ፣ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶችን ውሃ በየቀኑ ይለኩ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2016 የታተመው ጥናት ከሌሎች ምንጮች ጋር አስተያይቶ ልኬታቸው አስተማማኝ መሆኑን አሳየ። በምረቃው ቀን ከሚኒስትሩ አጠገብ ከእንደነዚህ ያሉ ሰዎች አንዱ ቢቆም፣ የዝናብ መለኪያውን ይዞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ምን እንደሚያደርግ በራሱ አንደበት ቢናገር፣ ማሽኑ ምን እንደሚበላ አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመልስ መስመር ነው። ትንበያው ዝናብ ይዘንባል ብሎ አዘና ላይ ሳይዘንብ ሲቀር ገበሬው ደውሎ "እዚህ አልዘነበም" የሚልበት አጭር ቁጥር፣ በማዶው አዊኛ የሚሰማ ሰው፣ የተናገረውም በቀኑና በቀበሌው ተመዝግቦ ትንበያውን ከሚያርሙት ሳይንቲስቶች ጠረጴዛ የሚደርስበት መንገድ። ይህ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጀቱና ኃላፊው ተጽፎ እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ ግንቦት ከመድረሱ በፊት።